ለውሻ ዋስ የቆምኩበት በጋ

ጥቅምት 5 ቀን 2008፣ ዓርብ

ከሶዶ ሥልጠና ተመለስኩ። ሦስት ቀን ነበር። ለስድስት መቶ ውሻ የሚበቃ ክትባት፣ ሁለት የበረዶ ሳጥንና አንድ ጆንያ ቀይ የአንገት ማሰሪያ ይዤ መጣሁ። ሥልጠናውን የሰጠችን ዶክተር ትሕትና ከአዲስ አበባ የመጣች የእንስሳት ሐኪም ናት። ገና ልጅ ናት፣ ሠላሳ አይሞላትም። ስትናገር ግን ሰው ይሰማታል። “ከመቶ ውሻ ሰባውን ከከተባችሁ የእብድ ውሻ በሽታ መሄጃ ያጣል” አለች። “ብትገድሉ ግን በሞተው ቦታ ያልተከተበ ሌላ ይመጣል። ገዳይ በሽታውን ነው የሚያግዘው።”

ይህን ስትል እኔን ያየች መሰለኝ። አታውቀኝም። የነገራት ሰው ያለም አይመስለኝም።

ደብተሩን የሰጠችኝ ሚስቴ አስካለች ናት። “የማትናገረውን ጻፈው። በእንቅልፍህ ከምታወራው ይሻላል” አለችኝ። አስተማሪ ስለሆነች የቤት ሥራ መስጠት ይቀናታል። እኔ በእንቅልፌ የማወራው ነገር የለም።

ጥቅምት 8፣ ሰኞ

ዛምባ ቀበሌ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ። አራት ውሻ ብቻ! በግምት ከአምስት መቶ በላይ አለ።

በየግቢው ጩኸት እሰማለሁ። በሩን ሳንኳኳ ጩኸቱ ይታፈናል። አንዱ ቤት ባልየው ፊት ለፊቴ ቆሞ “ከዚያ ወዲህ ውሻ አላሳደግንም” ይለኛል፤ ሚስቱ እንሰቱ ውስጥ የውሻውን አፍ ጨብጣ ተንበርክካለች፣ ጭራው ወጥቶ ይታየኛል።

“ከዚያ ወዲህ” ማለት ከ2006 ወዲህ ነው።

ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ተሰብስበው የቆሙት በወላይትኛ፣ ቀስ ብለው፣ “ውሻ ገዳዩ መጣ” ተባባሉ። የእናቴ ቋንቋ ነው። እንዳልሰማ አለፍኩ። ሻይ ቤት ያላቸው እማማ ሳህሊቱ ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ በራቸውን ዘጉ።

ትእዛዝ ነበር። መርዙን እኔ አልገዛሁትም።

ቶማን ወፍጮ ቤት አገኘሁት፣ እዚያው ነው የሚሠራው። በመስከረም መጀመሪያ መንገድ ላይ ውሻ ነክሶት ነበር። ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየኝ። ድኗል። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ

ሰባት ውሻ። በረዶው ቀልጧል። በወረዳው የእንስሳት ጤና ቢሮ አለቃዬ የሆነው አቶ ደገፉ ስልክ ደወለ፤ “ፐርሰንቱ ስንት ደረሰ?” አለ። ቆጥሬ እነግርዎታለሁ አልኩት።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጩማ ጋ ሄድኩ። የቶማ ታላቅ ወንድም ነው። ቦይና የሚሉትን ጎደሬ እየበላ አገኘሁት፤ አካፈለኝ። ሕዝቡን ሰብስብልኝ አልኩት።

“እሰበስባለሁ” አለ። “ግን ስለ ክትባት ብታወራ ማንም አይሰማህም። መጀመሪያ የዚያን ጊዜውን ተናገር።”

“ትእዛዝ እንደነበረ ሁሉም ያውቃል።”

“እሱን ተው። ያደረግከውን ተናገር።”

ለአስካለች ነገርኳት። የምታርመውን ወረቀት አስቀምጣ “ያኔ አራት ቀን እህል አልቀመስክም” አለችኝ። ወባ ነበር አልኳት። “ወባ” አለችና እርማቷን ቀጠለች።

ጥቅምት 14፣ እሑድ

ከጸሎት ቤት መልስ፣ ቀበሌው ግቢ ዋርካው ሥር፣ ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። በአማርኛ ጀመርኩና ወደ ወላይትኛ ገባሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በቢሮ ቋንቋ መናገር ያቅታል። “በ2006 በግንቦት ሥጋ ውስጥ መርዝ አድርገን በየመንገዱ የበተንነው እኔና ሁለት ሰዎች ነን። መቶ አርባ ሦስት ውሻ ሞተ። ቆጥሬአለሁ። በመጨረሻም በሽታው አልቀረም” አልኩ።

እማማ ሳህሊቱ ተነሡ። አባታቸው ከሰሜን የመጡ ሹም ነበሩ ይባላል፤ እርሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ፣ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው።

“ውሻዬ መከታ ሲሞት አጠገቡ ቆመህ ነበር?” አሉኝ።

“ቆሜ ነበር።”

“ስንት ሰዓት ፈጀበት? እኔ ገበያ ነበርኩ።”

ወዲያው ነው ልላቸው ፈለግሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

“አርባ ደቂቃ” አልኩ።

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀና ብለው ለሕዝቡ “አልዋሸም” አሉና ተቀመጡ።

ጥቅምት 15፣ ሰኞ

ሰማንያ ስድስት! በገመድ፣ በመቀነት፣ አንዱ በአሮጌ ክራባት ታስሮ። እማማ ሳህሊቱ አዲሱን ውሻቸውን ደፋርን ይዘው መጡ። እጄን አላዩም፤ መርፌውን ነው ያዩት። ቀዩን ማሰሪያ ራሳቸው አሰሩለት።

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ

ሦስት መቶ አርባ ዘጠኝ። አራት ጊዜ ተነከስኩ፤ ሁሉም በጓንት ላይ ነው። ሁሉንም በሳሙና አጥቤአለሁ። አስካለች ማታ ማታ እጄን ታገላብጣለች። ምን ትፈልጊያለሽ ስላት “ምንም” ትላለች።

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

ጩማ ሰው ላከብኝ። “የውሻ ሐኪሙ መጥቶ ወንድሜን ይይልኝ” ብሎ። እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም ልል ነበር። ሄድኩ።

ቶማ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። በሩ ሲከፈት ነፋሱ አስደነገጠው። ጩማ ውሃ በጣሳ አቀረበለት፤ ጣሳው ሳይደርስ ጉሮሮው ተኮማተረ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ። አእምሮው ግን ሙሉ ነው። “አቶ ኤርሳዶ፣ ውሃ እኮ ጠምቶኛል” አለኝ። እንደ ይቅርታ ነበር አነጋገሩ።

ጩማ ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣ። “በሽታው ምንድነች? እውነቱን ንገረኝ።”

ነገርኩት።

“መርፌ አለ ትሉ የለ?”

“ሳይጀምር ነው። ከጀመረ ወዲያ የለም።”

ሶዶ ወሰዱት። ሐኪሞቹም እኔ ያልኩትን አሉና ቤቱ ተመለሰ።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ቶማ ዐረፈ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ኅዳር 12፣ እሑድ

ከቀብር መልስ። ለቅሶ ላይ ከኋላዬ “ይኸው ክትባት ብሎ በሽታ አመጣ” ሲሉ ሰማሁ። ዞር አላልኩም። በዚህ አልተናደድኩም።

ሌላ ነገር አለ። በጥቅምት የጻፍኩትን አሁን አነበብኩት። “ድኗል። ደስ አለኝ።” እኔ ነኝ ይህን የጻፍኩት። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ቁስል መዳኑ ምንም ማለት እንዳልሆነ አላውቅም?

ከዚያም በፊት አለ። ቶማ በተነከሰ በማግስቱ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ነበር። ቁስሉ ገና ትኩስ ነበር። “ጤና ጣቢያ ሂድ” አልኩት። ጤና ጣቢያው መርፌው እንደሌለው አውቃለሁ፤ ሶዶ ድረስ መሄድ ነበረበት። ስብሰባ ረፍዶብኝ ነበር። የሞተር ብስክሌቱን ሞተር እንኳን አላጠፋሁም። ምን እንዳለኝ በደንብ ያልሰማሁት ለዚያ ነው። ከዚያ ቅጠል አሥረውለት ዳነ ተባለ፣ እኔም ዳነ አልኩ።

ይህን ማን አዘዘኝ እላለሁ? ማንም አላዘዘኝም።

ኅዳር 20፣ ሰኞ

አቶ ደገፉ ቢሮው ጠራኝ። በሩን ዘጋ።

“በጥር እንግዶች ይመጣሉ፤ የውጭ ሰዎችም አሉበት። ከቶማ ሞት በኋላ ሕዝቡ ተሸብሯል። ዛምባ ውስጥ አንድ ውሻ መንገድ ላይ እንዳይታይ። የ2006ቱ መርዝ መጋዘን አለ አይደል?”

“አለ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።”

“እንግዲያው አውጣው።”

“አቶ ደገፉ፣ ውሾቹ የተከተቡ ናቸው። ቀይ ማሰሪያ አላቸው።”

“ቀይ ይሁን አረንጓዴ!”

“በጽሑፍ ይስጡኝ” አልኩት።

“በቃል አዝዤሃለሁ።”

“ያን ጊዜም በቃል ነበር።”

እንደማይጽፈው አውቃለሁ፤ የክትባቱ ፕሮጀክት መግደልን ይከለክላል፣ ፊርማው ቢገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው። “አራት ልጆች አሉኝ ኤርሳዶ” አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ያኔ አሳዘነኝ። ቁልፉን ግን አልሰጠሁትም።

ኅዳር 28፣ ማክሰኞ

ግምገማ። አጀንዳው እኔ ነኝ። “የአመለካከት ችግር”፣ “ትእዛዝ ማንጓጠጥ”፣ “ጸረ ልማት”። በአንድ ለአምስት አብረውኝ የተደራጁት ሁሉ ተራ በተራ ተናገሩ። ሁለቱ ሲናገሩ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከዚያ ግለ ሂስ አቅርብ ተባልኩ።

ተነሣሁ። “ግለ ሂስ አለኝ” አልኩ። “በ2006 መርዝ አውጣ ስባል አወጣሁ። ይህ ጥፋት ነው። በመስከረም የተነከሰ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ አልወረድኩም። ይህ ከፊተኛው ይብሳል፣ ሰውየው ሞቷል። ቁልፍ አልሰጥም ማለቴን ግን ከጥፋቴ ጋር አትመዝግቡት።”

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ ብዕሩን አንሥቶ ደገፉን አየ። “ጻፈው” አልኩት።

ቤት ገብቼ እራት ሳልበላ ተኛሁ። ደክሞኝ ነው።

ታኅሣሥ 3፣ እሑድ

ዶክተር ትሕትና ደወለች። ጄኔቫ ላይ ትልቅ ስብሰባ ተደርጎ ነበር፤ በ2030 ከውሻ በሚመጣው በሽታ አንድም ሰው እንዳይሞት ዓለም ቃል ገባ አለችኝ። “በእኛ አቆጣጠር 2022 ነው ጋሼ ኤርሳዶ፤ ለእኛ ቀድሞ ይደርሳል” ብላ ሳቀች። ስለ ቁልፉ ነገርኳት። ሳቋ ቆመ። “አይስጡ” አለች። “እርስዎ ላይ ምን ያደርጉብዎታል?” አላውቅም አልኳት።

ጄኔቫ ሩቅ ነው። ዛምባ ላይ አንድ ሰው በመርዝ ሥጋ ቢዞር ማን ያየዋል? እኔ አያለሁ።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ

ደፋር ጩማን ነከሰው!

በምሽት ነው፤ አቋራጭ ብሎ በእማማ ሳህሊቱ አጥር ሾልኮ ሲገባ። ደውለውልኝ ስደርስ ጩማ መጥረቢያ ይዟል፤ ከኋላው ስምንት ወንዶች አሉ። እማማ ሳህሊቱ ውሻውን እግራቸው መሃል ከተው ቆመዋል። “መጀመሪያ እኔን” ይላሉ።

“መጀመሪያ እግርህን እንጠብ” አልኩት ጩማን።

“ወንድሜን በቀበርኩ በወሩ!”

“እግርህን ጩማ።”

ሩብ ሰዓት ሙሉ በሳሙና አጠብኩት። ጣቶቼ ደነዘዙ። እያጠብኩ “ውሻው የተከተበ ነው። አስር ቀን አሥረን እንጠብቀው። ምራቁ ውስጥ በሽታው ካለ እስከዚያ ይታመማል፣ ይሞታል። አስር ቀን ደህና ሆኖ ከቆየ አንተ ነፃ ነህ” አልኩት። “ከገደልከው ግን ማንም የሚያውቅ የለም። እስከዚያ አንተ መርፌህን ትጀምራለህ። ሶዶ።”

ዝቅ ብሎ አየኝ። “ቶማንም ሂድ ብለኸው ነበር። ነግሮኛል።”

ያውቅ ነበር። ቀብር ላይም፣ ከዚያም በኋላ፣ ያውቅ ነበር።

“ብዬዋለሁ” አልኩት። “አንተን ሂድ አልልህም። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ አብረን ነን። በየቀኑ።”

ከወንዶቹ አንዱ “ለውሻው ዋሱ ማነው?” አለ።

“እኔ ነኝ።”

“ቢሞትስ?” አለ ጩማ።

“ቢሞት የመርዙን መጋዘን በገዛ እጄ እከፍታለሁ።”

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ክትባት መቶ በመቶ አይይዝም። ያ ቀን በረዶው በደንብ ነበር? ጥቅምት 15። ነበር። ነበር መሰለኝ።

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

ሶዶ ደርሶ መልስ። ጩማ ሆዱ ላይ የመጀመሪያውን ተወጋ። ደፋር እኔ ግቢ፣ አቮካዶው ሥር ታስሯል። በልቷል።

ታኅሣሥ 11፣ ሰኞ

ሰው ውሻውን ለማየት ይመጣል፤ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ። አቶ ደገፉም በመኪና አልፎ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየ። አልወረደም።

ታኅሣሥ 12፣ ማክሰኞ

አልበላም። ውሃ ግን ይጠጣል። ይጠጣል።

ታኅሣሥ 13፣ ረቡዕ

ዛሬም አልበላም። ጥግ ይዞ ተኝቷል። ዓይኑን በባትሪ አየሁት፣ መንጋጋውን አየሁት፣ ስሙን ጠራሁት። ጆሮውን እንኳን አልነቀነቀም። አስካለች “ሰውን እንኳን ብላልኝ ብለህ ለምነህ አታውቅም እኮ” አለች። ጮህኩባት። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሚኒባሱ ላይ ጩማ “እንዴት ነች?” ብሎ ስለ ውሻው ጠየቀኝ። “አልበላም” አልኩት። ደህና ነው ልለው እችል ነበር። ጩማ መንገድ ላይ ያለችው ሻንቶ ከተማ እስክንደርስ በመስኮት አየ።

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ

በማለዳ እማማ ሳህሊቱ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ዳቦ እየቆረሱ በእጃቸው ሲሰጡት ደፋር ተነሣና በላ። ጨረሰው! “ሲከፋው ከእኔ እጅ እንጂ አይበላም፤ ምነው አትጠይቀኝም ነበር?” ብለው ተቆጡኝ።

ሻይ አቀረብኩላቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ “ስለ መከታ ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም” አሉኝ።

“አልጠየቅኩም እማማ።”

“አለመጠየቅህን አይቻለሁ።” ተነሡ። “ነገም እመጣለሁ።”

እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ጓሮ ሄጄ ትንሽ ቆየሁ።

ታኅሣሥ 18፣ ሰኞ

አስረኛው ቀን። ጩማ አጥሩን ከፍቶ ሲገባ ደፋር ተነሥቶ ጮኸበት፤ በሙሉ ጉልበቱ፣ ገመዱን እየጎተተ። ጩማ ባለበት ቆመ። ከዚያ ሳቀ። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደ። እማማ ሳህሊቱ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። “በሚቀጥለው በበሩ ግባ” አሉት።

ታኅሣሥ 25፣ ሰኞ

ሁለት ሰዎች ከሌላ ቦታ መርዝ አግኝተው በሞተር ብስክሌት ወደ ዛምባ መጡ። ማን እንደላካቸው አልተናገሩም። ጩማ ከአርባ ሰው ጋር ድልድዩ ላይ ጠበቃቸው። “ዛምባ ውሻውን ከትቧል። ደብዳቤ ካላችሁ አሳዩኝ” አላቸው። አልነበራቸውም። ዞረው ሄዱ። እኔ አልነበርኩም፣ ለእማማ ሳህሊቱ ጎረቤቶች ቡችሎች ክትባት እየሰጠሁ ነበር። ሲነግሩኝ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው።

አራት መቶ አምስት። ከአምስት መቶ ስልሳ ሁለት። ሰባ ሁለት በመቶ።

ጥር 6 ቀን 2008፣ ዓርብ

እንግዶቹ መጡ። ዶክተር ትሕትናና ሦስት የውጭ ሰዎች። ዋርካው ሥር ወንበር ተደረደረ። አቶ ደገፉ ሪፖርት አነበበ፦ “ሽፋን ሰባ ሁለት በመቶ። በዚህ በሽታ የሞተ ሰው፣ ዜሮ።”

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ሽበት ያላት ሴት፣ ፈገግ ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። በእኛ ወረዳ ዛሬውኑ 2030 ደረሰ ማለት ነው። በቶማ የሞት ወረቀት ላይ “ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት” ተብሏል፣ አይቼዋለሁ።

ተነሣሁ። “አንድ ነው” አልኩ።

ደገፉ “አቶ ኤርሳዶ፣ የጥያቄ ሰዓት አልደረሰም” አለ።

“ጥያቄ አይደለም። አንድ ሰው ሞቷል። አይቼዋለሁ። ውሃ እየጠማው ነው የሞተው።”

ዶክተር ትሕትና ተረጎመች። ሴትዮዋ ብዕሯን አንሥታ የሆነ ነገር ጠየቀች። “ስሙ ማን ነበር ትላለች” አለች ትሕትና።

እኔ ሳልመልስ ጩማ ከኋላ ተነሣ። “ቶማ። ታናሼ ነው” አለ። “ወንድሜ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም። ጻፉት።”

ሴትዮዋ የጻፈችውን ሰርዛ እንደገና ጻፈች። ደገፉ ወረቀቱን ያጥፍና ይዘረጋ ነበር። ስብሰባው ሲያበቃ ዶክተር ትሕትናን ወደ መጋዘን ወስጄ መርዙን በፊርማ አስረከብኳት። ቁልፉን ለደገፉ ሰጠሁት። ያለ መርዙ ምን ያደርግለታል?

ጥር 13፣ ዓርብ

የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። “ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል” ይላል። ገሱባ ከተማን አልፎ የእግር መንገድ ያለበት ቀበሌ ነው፤ መብራት የለም። ደገፉ ራሱ አላመጣውም፤ በተላላኪ ነው የላከው።

አቤቱታ ጽፌአለሁ፤ ሁለት ገጽ። ለዞኑም፣ ለክልሉም ይሄዳል። አልቀበልም ብዬ ግን ቤቴ አልቀመጥም።

አስካለች ደብዳቤውን ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰዋስዉን የምታርም መሰለኝ። “እስከ ሰኔ ትምህርት አለኝ፤ ከዚያ እከተልሃለሁ” አለች። ቀጥላም “በረዶውን እዚያ ከየት ታመጣለህ?” ብላ ጠየቀችኝ።

አላሰብኩበትም ነበር። ተቀምጠን አሰብንበት። ገሱባ ፍሪጅ ያለው ሰው ፈልጌ፣ ከዚያ በበቅሎ አራት ሰዓት፤ በማለዳ ከተነሣሁ ሳይቀልጥ ይደርሳል።

ሰኞ እጀምራለሁ።